ያላየችውን ዘመን የጻፈች ደራሲ

ተማሪዎች ሆይ፤ ስለ ቅድመ አያቶቻችሁ ዘመን አንድ አጭር ልብ ወለድ ጻፉ ብትባሉ ከምን ትነሡ ነበር? ቅድመ አያቶቻችሁ የኖሩበትን ቤት ምናልባት አላያችሁትም። የለበሱትን ልብስ፣ በገበያ የከፈሉትን ዋጋ፣ ለታላላቆቻቸው ሰላምታ ሲያቀርቡ የተናገሩትን ቃል በሚገባ አታውቁትም። ያም ሆኖ ጽሑፋችሁን የሚያነበው ሰው በዚያ ዘመን ገበያ መካከል የቆመ እስኪመስለው ድረስ ይዛችሁት ልትሄዱ ይገባል። ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። እንዴት እንደሚሠራ ለመረዳት፥ እርሷ ከመወለዷ ከሰማንያ ዓመት በላይ አስቀድሞ ስላለፈ ዘመን ስትጽፍ የኖረችውን የእንግሊዛዊቷን ደራሲ የጆርጄት ሄየርን የሕይወት ታሪክ እንመልከት። በዚህ ምንባብ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

ጆርጄት ሄየር በ1902 በለንደን አጠገብ በዊምብልደን ተወለደች። አባቷ ጆርጅ ሄየር መምህር ነበረ፤ የእርሷም ስም የወጣው ከአባቷ ስም ነው። ቦሪስና ፍራንክ የተባሉ ሁለት ታናናሽ ወንድሞች ነበሯት። አባትዮው ልጆቹ እንዲያነቡ ያበረታታቸው ነበር እንጂ ይህን አንብቡ፣ ያንን አታንብቡ እያለ መጽሐፍ አይከለክላቸውም ነበር። ቤተ ሰቡ ለጥቂት ጊዜ በፓሪስ ከተማ ከኖረ በኋላ፥ በ1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ወደ አገሩ ተመለሰ። ጆርጄት ዩኒቨርሲቲ አልገባችም። ከፍተኛ ትምህርት ቤቷ የአባቷ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነበረ ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

ወንድሟ ቦሪስ ደም ሲፈስስ ቶሎ የማይረጋበት ሕመም ስለ ነበረበት ብዙ ጊዜ ደካማ ነበረ። ጆርጄት የዐሥራ ሰባት ዓመት ልጃገረድ ሳለች፥ ይህን ታማሚ ወንድሟን ለማጫወት ከራሷ አመንጭታ አንድ ታሪክ በየጊዜው እየቀጠለች ትነግረው ጀመር። አባቷም ታሪኩን ሰምቶ ስለ ወደደው፥ አስተካክላ ለኅትመት እንድታዘጋጀው መከራት። እንዲህም ሆኖ «ጥቁሩ የእሳት እራት» የሚል ትርጉም ያለው ስም የተሰጠው የመጀመሪያ መጽሐፏ በ1921 ታትሞ ሲወጣ ደራሲዋ ገና ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበረ። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተውሉ። የመጀመሪያ አድማጯ ሕመም ያደከመው ልጅ ነበረ። የደከመ ሰው ደግሞ የተንዛዛ ወሬ አይታገሥም። ስለዚህ ቀጥሎ ምን ይመጣ ይሆን እያሰኙ የማስከተልን ችሎታ ጆርጄት የተማረችው በወንድሟ አልጋ አጠገብ ነው ለማለት ይቻላል።

የኋላ ዝናዋ የተመሠረተበትን ዘመን ለማወቅ ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልገናል። የእንግሊዝ ንጉሥ ጆርጅ ሣልሳዊ ታምሞ የመንግሥቱን ሥራ ማከናወን ስለ ተሳነው፥ ከ1811 እስከ 1820 ድረስ ልጁ የዌልስ ልዑል እንደራሴ ሆኖ አገሪቱን መራ። ይህ ጊዜ የእንደራሴው ዘመን ተብሎ ይጠራል። በእኛም አገር ከ1916 እስከ 1930 ንግሥት ዘውዲቱ በዙፋን ሳሉ ራስ ተፈሪ መኰንን አልጋ ወራሽና እንደራሴ እንደ ነበሩ ከታሪክ ትምህርታችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ስለዚህ ቃሉ ለእናንተ እንግዳ አይደለም። በዚያ በእንግሊዞቹ የእንደራሴ ዘመን ጄን ኦስተን የተባለች የቄስ ልጅ ስለ ፍቅርና ስለ ጋብቻ፣ ስለ ሀብትና ስለ ውርስ የጻፈቻቸው ስድስት ልብ ወለዶች ለአንባቢ ቀረቡ። በዚያን ጊዜ የአንዲት ሴት ዕድል በአብዛኛው በምታገባው ሰው ላይ የተመሠረተ ስለ ነበረ፥ በኦስተን መጻሕፍት ከጨዋታውና ከሣቁ በስተጀርባ የኑሮ ጭንቀት ይታያል። ኦስተን በ1817 በአርባ አንድ ዓመቷ አረፈች። ከመቶ ዓመት በኋላ የተነሣችው ጆርጄት ሄየር ይህችን ደራሲ እጅግ ታደንቃት ነበር።

ነገር ግን በሁለቱ መካከል ትልቅ ልዩነት አለ። ኦስተን የጻፈችው ስለ ራሷ ዘመን ነው። አንባቢዎቿም የዘመኑ ሰዎች ስለ ነበሩ ሠረገላው ምን እንደሚመስል፣ ግብዣው በስንት ሰዓት እንደሚጀመር መግለጥ አላስፈለጋትም፤ የማያውቀው አልነበረምና። ሄየር ግን ያንን ሁሉ አልቆ ጠፍቶ አገኘችው። ስለዚህ አስቀድማ ራሷ መማር፣ ከዚያም አንባቢውን ሳታሰለች ማስተማር ነበረባት።

በ1925 በሕይወቷ ውስጥ ደስታና ኀዘን ተከታትለው መጡ። ሮናልድ ሩዥየር ለተባለ የማዕድን መሐንዲስ በታጨች በአንድ ወር ውስጥ አባቷ በልብ ሕመም በድንገት አረፈ። አባትዮው ለቤተ ሰቡ የሚበቃ ጡረታ አልተወም ነበርና፥ ሁለቱን ወንድሞቿን የመርዳት ኀላፊነት በጆርጄት ትከሻ ላይ ወደቀ። ከሁለት ወር ያህል በኋላ ጋብቻዋን ፈጸመች። ከዚያ ወዲህ መጻፍ ለእርሷ የወጣትነት ጨዋታ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ሰብ እንጀራ ሆነ። በ1926 እንግሊዝ በሥራ ማቆም አድማ በታወከችበት ዓመት አንድ መጽሐፍ አወጣች። መጽሐፉ እምብዛም ማስታወቂያ ሳይነገርለት ወደ 190,000 ቅጂ ያህል እንደ ተሸጠ ይነገራል። ደራሲዋም ከዚህ የወሰደችው ትምህርት ሥራው መልካም ከሆነ ስለ ራስ መለፍለፍ አያስፈልግም የሚል ነበረ። ከዚያም በኋላ እስከ ዕለተ ሞቷ ድረስ ለጋዜጠኞች ቃለ ምልልስ ሳትሰጥ ኖረች።

ባሏ ለማዕድን ፍለጋ በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ወደ ነበረችው ወደ ታንጋኒካ፥ ማለት ከኬንያ በስተደቡብ ወደምትገኘው ወደ ዛሬይቱ ታንዛንያ ሲላክ፥ በ1927 እርሷም ተከትላው ሄደች። ባልና ሚስቱ ከከተማ ርቀው በጫካ መካከል ዝሆኔ ከሚባለው ረጅም ሣር በተሠራ ጎጆ ውስጥ ተቀመጡ። በዶርዜና በጨንቻ ደጋ ከቀርከሃ የሚሠራውን፣ ፊት ለፊቱ የዝሆን ግንባር የሚመስለውን ረጅም ቤት የምታውቁት እናንተ በሣር ጎጆ መኖር አያስደንቃችሁም ይሆናል። የሚያስደንቀው በዚያ ጎጆ ውስጥ የተሠራው ሥራ ነው። ጆርጄት በ1928 የታተመውን «ጭምብል ለባሾቹ» የተባለውን ልብ ወለድ የጻፈችው በዚያ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ከሁለት ምእተ ዓመት ያህል በፊት በ1745 አካባቢ በለንደን አዳራሾች ውስጥ ነው። በአጠገቧ የመጻሕፍት ቤት አልነበረም፤ የምትጠይቀውም ሊቅ አልነበረም። ያም ሆኖ ታሪክ ዐዋቂዎች መጽሐፉን ሲመረምሩት ያገኙት የዘመን ስሕተት አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም የአንድ የለንደን የመኳንንት ክበብ የተከፈተበትን ጊዜ በአንድ ዓመት ማስቀደሟ ነው። አስቀድማ ምን ያህል አንብባ፣ ያነበበችውንም ምን ያህል በልቧ አኑራ ይሆን? ይህን ከዚህች አንዲት ስሕተት መገመት ይቻላል።

ከታንጋኒካ ቀጥሎ ወደ መቄዶንያ ሄዱ። በዚያም የጥርስ ሕክምና ስታደርግ የተሰጣት ማደንዘዣ በአግባቡ ባለመሰጠቱ ለጥቂት ከሞት ተረፈች። በ1929 ወደ እንግሊዝ ተመለሱ። ባሏ የማዕድን ሥራውን ትቶ ንግድ ቢሞክርም አልቀናውም፤ በኋላም ከዘመድ ገንዘብ ተበድሮ የስፖርት ዕቃ መሸጫ ሱቅ ከፈተ። በ1932 አንድ ወንድ ልጅ ወለዱ። የቤቱን ወጪ በአብዛኛው የሚሸፍነው የጆርጄት ብዕር ነበረ። ከዚያ ጊዜ አንሥቶ ለብዙ ዓመታት በያመቱ አንድ የፍቅር ልብ ወለድና አንድ የወንጀል ምርመራ ታሪክ ታወጣ ነበር። ባሏ በበኩሉ ሕግ አጥንቶ በ1939 ጠበቃ ለመሆን የበቃው እርሷ ቤቱን በያዘችለት ጊዜ ነው።

በ1935 በእንደራሴው ዘመን ላይ የተመሠረተውን የመጀመሪያ ልብ ወለዷን አሳተመች። የጄን ኦስተንን ዘመን መልሶ የሚያሳየው ይህ የአጻጻፍ ፈለግ በእርሷ ተጀምሮ ዛሬ በብዙ አገር የሚገኙ ደራስያን የሚከተሉት ሆኗል። እርሷ የተጠቀመችበትን የአሠራር ስልት ከቅርባችሁ በምታውቁት ሙያ ልመስልላችሁ። የዶርዜ ሸማኔ ጥበቡን ከመጀመሩ በፊት ድሩን ያዘጋጃል፤ ይወጥራል። ድሩ ሳይወጠር ማግ የሚገባበት ቦታ የለም። ያማረው ጥለት ከጊዜ በኋላ ይመጣል፤ የሚታየውም እርሱ ነው። ድሩን ልብ የሚለው ግን ጥቂት ሰው ነው። ለሄየር ጥናቱ ድር ነበረ፤ ፈጠራዋ ደግሞ ማግ።

ድሩን እንዴት ታዘጋጅ እንደ ነበር ተመልከቱ። ከአንድ ሺህ በላይ የታሪክ መጻሕፍትን በቤቷ አከማችታ ነበር። ያነበበችውንም በማስታወሻ ደብተሮቿ በየአርእስቱ እየከፈለች ትመዘግብ ነበር። ልብሱን ለብቻ፣ ባርኔጣውን ለብቻ፣ የቤት ዕቃውን፣ የሸቀጡን ዋጋ፣ የሱቆቹን ስም ለየብቻ ትጽፍ ነበር። በዘመኑ ሰዎች ይነገሩ የነበሩትን ቃላትና አባባሎችም ትሰበስብ ነበር። በ1937 የታተመው መጽሐፏ በ1815 ናፖሊዮን ድል ስለ ሆነበት ስለ ዋተርሉ ጦርነት የሚናገር ነው። ይህን ስታዘጋጅ የእንግሊዝ ጦር አዛዥ የነበረው የዌሊንግተን መስፍን የሚናገረው ቃል ሁሉ በእውነት ከተናገረው ወይም ከጻፈው የተወሰደ እንዲሆን ጥረት አደረገች። የመስፍኑን የአጻጻፍ ጠባይ ለመረዳት ብላ በእጁ የተጻፈ አንድ ደብዳቤ በገንዘብ እስከ መግዛት ደርሳለች። የውጊያው አገላለጥ ትክክለኛ ከመሆኑ የተነሣ፥ መጽሐፉ በሳንድኸርስት የጦር መኰንኖች ትምህርት ቤት ለማስተማሪያነት እንዳገለገለ ይነገርለታል።

ይህን ያህል ድካም የወጣበት ሥራ በዘመኑ ተገቢውን ክብር አገኘን? አላገኘም። አንባቢው መጽሐፎቿን እየተሻማ ሲገዛ፥ የሥነ ጽሑፍ ሐያስያን ግን ከቁም ነገር አልቈጠሯቸውም፤ የፍቅር ታሪክ ስለሆኑ ብቻ የጊዜ ማሳለፊያ ናቸው እያሉ ያልፏቸው ነበር። ይበልጥ የሚያሳዝነው ደግሞ ደራሲዋ ራሷ በዚህ አስተያየት መስማማቷ ነው። ዋና ሥራዬ ብላ የያዘችው ሌላ መጽሐፍ ነበረ፤ እርሱም በዐሥራ አምስተኛው ምእተ ዓመት ስለ ነበረው ስለ ቤድፎርድ መስፍን ስለ ጆን የሚናገር ሰፊ የታሪክ ልብ ወለድ ነው። ለዚህ መጽሐፍ ዓመታት የፈጀ ጥናት አደረገች። ይሁን እንጂ የግብር ዕዳ በመጣባትና ገንዘብ ባስፈለጋት ቍጥር የምትወደውን ሥራ አስቀምጣ ቶሎ የሚሸጠውን የፍቅር ታሪክ ለመጻፍ ትገደድ ነበር። ልቧ ያለበት ሥራ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ እንጀራ ይገኝበታል ብላ የሠራችው ግን ዓመት ከዓመት በዛ።

ታዲያ እነዚያ የጊዜ ማሳለፊያ የተባሉት መጻሕፍት በእርግጥ ምን ይጠቅማሉ? ለዚህ ጥያቄ መልስ የሰጠች አንዲት ሴት አለች። ሄየር በ1944 «የዓርብ ልጅ» የሚል አንድ የሚያሥቅ ልብ ወለድ አሳትማ ነበር። ከዓመታት በኋላ በሮማንያ በፖለቲካ ምክንያት ታስራ ከኖረች ሴት ደብዳቤ ደረሳት። ይህች ሴት ለዐሥራ ሁለት ዓመታት በወኅኒ ቤት ስትማቅቅ፥ የዚህን መጽሐፍ ታሪክ ለእስር ጓደኞቿ ደጋግማ ትተርክላቸው ነበር። መጽሐፉ በእጇ አልነበረም፤ በልቧ ግን ነበረ። የእስረኞቹ መንፈስ እንዳይሰበር ከረዷቸው ነገሮች አንዱ ይህ ተረክ እንደ ነበረ ደብዳቤው ገለጠ። ሄየር ከአንባቢዎቿ ብዙ ደብዳቤ ይደርሳት ነበር፤ ጠብቃ ያኖረችው ግን ይህን አንዱን ብቻ እንደ ሆነ ይነገራል። በሕመም ለተኛ ወንድም ማጽናኛ ሆኖ የተጀመረው ሙያ፥ ደራሲዋ በማታውቀው አገር በጨለማ ቤት ለታሰሩ ሰዎች ማጽናኛ ሆነ።

ጆርጄት ሄየር በሐምሌ ወር 1974 በሰባ አንድ ዓመቷ አረፈች። በጋብቻ ስሟ ወይዘሮ ሩዥየር መሆኗን ብዙዎቹ አንባቢዎቿ ያወቁት የሞቷ ዜና በጋዜጣ ሲወጣ ነው። በዚያን ጊዜ በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ያሳተመችውን ጨምሮ አርባ ስምንት መጻሕፍቷ እየታተሙ ይሸጡ ነበር። ሳይፈጸም የቀረው የመስፍኑ የጆን ታሪክ በ1975 ታተመ፤ እንደ ሌሎቹ ግን አልተነበበም። በ2015 በተወለደችበት ቤት ግድግዳ ላይ የመታሰቢያ ሰሌዳ ተደረገላት።

የሕይወት ታሪክ ስናነብ ምስጋናውን ብቻ ሳይሆን ነቀፌታውንም መመልከት ይገባናል። ሄየር የጻፈችው በአብዛኛው ስለ መኳንንትና ስለ ባለጸጎች ነው። ሠረገላውን የሚነዳውና እሳቱን የሚያነደው ድኻ በታሪኮቿ ውስጥ ብዙ ቦታ የለውም። በ1950 በታተመ አንድ መጽሐፏም የአይሁድን ወገን በሚያዋርድ አኳኋን የሣለችው ገጸ ባሕርይ ስላለ፥ በዚህ በትክክል ትወቀሳለች። ያለፈውን ዘመን ልብስ በጥንቃቄ የመረመረች ደራሲ ያለፈውን ዘመን ጥላቻ ሳትመረምር ተቀብላዋለች። እናንተም ስትጽፉ ከዚህ ተጠንቀቁ።

አሁን ወደ መነሻ ጥያቄያችን እንመለስ። እናንተ ላላያችሁት ዘመን ድር የሚሆን ነገር ከየት ታገኛላችሁ? ሄየር ሺህ መጽሐፍ ነበራት፤ እናንተ ደግሞ ሺህ መጽሐፍ የሚያህሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች አሏችሁ። የጋሞ አባቶች በዱቡሻ ተሰብስበው ጠብ ሲያበርዱና ዕርቅ ሲያወርዱ በምን ሥርዐት እንደሚናገሩ ጠይቃችሁ መዝግቡ። የጋሞ ጎፋ ዋና ከተማ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከጨንቻ ወደ አርባ ምንጭ ሲዛወር የነበረውን ሁኔታ ያዩ ሰዎች ዛሬም አይጠፉም። መንገዱ እንዴት ነበር? ከአባያና ከጫሞ ሐይቆች የወጣው ዓሣ በስንት ይሸጥ ነበር? ሙሽራ ምን ለብሳ ወጣች? ያገኛችሁትን ልብሱን ለብቻ፣ ምግቡን ለብቻ፣ ዋጋውን ለብቻ፣ አነጋገሩን ለብቻ እያደረጋችሁ ጻፉት። ተራኪው ቢለይ ታሪኩ ይለያልና አንዱን ነገር ከሁለት ሰው ጠይቁ። ድሩ በሚገባ ከተወጠረ በኋላ ማጉን ለማስገባት አትቸኵሉም፤ አትቸገሩምም።

ሥራችሁንም ሌላው ሰው ቀላል ነው ቢለው ወይም ራሳችሁ ብትንቁት በጥንቃቄ ከመሥራት አትቦዝኑ። የጻፋችሁት ጽሑፍ በማን እጅ እንደሚገባ፣ በየትኛውስ ጨለማ ውስጥ ለማን መብራት እንደሚሆን አስቀድማችሁ ልታውቁት አትችሉምና።